የሠሩትን ጻፉላቸው፦ ለግል ድርጅት ባለቤቶችና ለሰው ሀብት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የሥራ ልምድ ማስረጃን ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣

እኔ የምተዳደረው እናንተ የምትጽፉትን በማንበብ ነው። በአንድ የመንግሥት የልማት ድርጅት የቅጥር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር የአመልካቾች ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ይከመራል፤ ከየፋይሉ የሥራ ልምድ ደብዳቤ እያወጣሁ ዓመት እቆጥራለሁ፣ የሥራ መደብ አመሳክራለሁ፣ ማኅተሙ የእውነት መሆን አለመሆኑን አገላብጬ አያለሁ። ይህን ሥራ ብዙ ዓመት ስለሠራሁት አንድ ነገር በድፍረት መናገር እችላለሁ፤ ከነዚህ ደብዳቤዎች ስለ አመልካቹ ከማውቀው ይልቅ ስለ ጻፈው ድርጅት የማውቀው ይበልጣል።

ከሚደርሱኝ ውስጥ ብዙዎቹ እንዲህ ይላሉ፦ «ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ግለሰብ በድርጅታችን ውስጥ ሲሠሩ የቆዩ መሆናቸውን እየገለጽን፣ ይህንን ማስረጃ በጠየቁት መሠረት የሰጠናቸው መሆኑን እናረጋግጣለን።» ምን ሲሠሩ ቆዩ? ከመቼ እስከ መቼ? በስንት ብር ደመወዝ? መልስ የለም። «ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው» ተብሎ ከላይ የማንም ስም ያልተጠቀሰበትም አይቻለሁ። ፊርማው ግን ያምራል፤ ቲተሩም ማኅተሙም ቦታቸውን ይዘዋል።

እንዲህ ያለውን ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ስምንት ዓመት ሠርቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ስምንቱን ዓመት ልቆጥርለት አልችልም። ኮሚቴው የሚቆጥረው የተጻፈውን ብቻ ነው። ሰውየው በቃለ መጠይቅ ላይ ሊያስረዳ ይችል ነበር፤ ችግሩ በማጣሪያው ስለሚወድቅ ቃለ መጠይቅ ድረስ አይደርስም። ከደጅ እንዲመለስ ያደረገው ሰው ማን እንደሆነም አያውቅም። ደብዳቤውን የጻፈችው የቢሮ ጸሐፊም አታውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ሕጉን እንደምታውቁት እገምታለሁ፤ ቢሆንም ልድገመው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 የአሠሪን ግዴታዎች ሲዘረዝር፣ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፣ ሲሠራ የነበረውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ከሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ተመሳሳይ ግዴታ ነበረበት። ስለዚህ አዲስ ነገር አልጠየቅኋችሁም። የሥራ ዓይነት፣ ዘመን፣ ደመወዝ፤ ሦስት ነገር ነው። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ደብዳቤ ሕጉ የሚለው ማስረጃ አይደለም፤ የቱንም ያህል ማኅተም ቢያርፍበት።

«ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ» የምትለዋን ሐረግ ብዙ ሥራ አስኪያጆች ያላነበቧት ይመስለኛል። ሠራተኛዋ ገና ሥራ ላይ እያለች «ልምዴን ጻፉልኝ» ካለች ወሬው በአንድ ከሰዓት ቢሮውን ያዳርሰዋል፦ «ልትለቅ ነው!» አለቃዋ ፊቱን ያጠቁርባታል፤ ለሥልጠና የታጨች ከነበረች ስሟ ይሰረዛል። ለባንክ ብድር ሊሆን ይችላል የጠየቀችው፣ ወይም ለቪዛ፣ ወይም ለማታ ትምህርት። ልትለቅ አስባ ቢሆንስ? ሌላ ሥራ መፈለግ ክህደት አይደለም። ለምን እንደፈለገችው እንድትናገር አዋጁ አያስገድዳትም፤ እናንተም ባትጠይቋት መልካም ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ፤ ማስረጃን መያዣ ወደ ማድረግ። ሠራተኛው መልቀቂያ ያስገባል። የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያውን ይጨርሳል። ከዚያ የክሊራንስ ፎርም ይሰጠውና ከንብረት ክፍል ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ቁጠባና ብድር ማኅበር ፊርማ ሲለቅም ይሰነብታል። አንዱ ፈራሚ መስክ ወጥቷል፤ ሌላዋ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፤ ሦስተኛው ከአምስት ዓመት በፊት የተሰጠ ካልኩሌተር ካልመጣ አልፈርምም ይላል። አዲሱ ቀጣሪ ደግሞ «ልምድና መልቀቂያ ካላመጣህ ቦታውን ለተጠባባቂ እንሰጣለን» ብሎታል። ይህን ሁሉ ጊዜ ደብዳቤው ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ መዝገብ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል።

ንብረት ማስመለስ መብታችሁ ነው። አዋጁም ቢሆን ንብረት መመለስ በራሱ ጥፋት ላዘገየ ሠራተኛ፣ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል የነበረበት ክፍያ ሊዘገይበት እንደሚችል ይናገራል። ክፍያው ነው ያለው። ስለ ማስረጃው ሲናገር እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም። ሳያስጠነቅቅ ጥሎ ለሄደ ሠራተኛም መፍትሔው ተቀምጧል፤ እስከ ሠላሳ ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። ያስቀየማችሁን ሰው በሕግ ጠይቁት። የሠራበትን ዓመት ቀምታችሁ የምታስቀሩት ግን በየትኛው አንቀጽ ነው?

የሥራ መደብ መጠሪያ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ስለሆነ። በግል ድርጅት ውስጥ ሰው የሚቀጠርበትና የሚሠራው አንድ ሆኖ አይቀጥልም። «ሁለገብ ሠራተኛ» ተብላ የገባች ልጅ በሁለተኛው ዓመት መጋዘኑን ትይዛለች፤ ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) ትሞላለች፤ ዕቃ ትረከባለች፤ ቆጠራ ታደርጋለች። ደመወዟም ከፍ ብሎላት ይሆናል። የሹመት ደብዳቤ ግን ማንም አልጻፈላትም፤ በቃል ነው የተነገራት። ስትለቅ ጸሐፊዋ ፋይሏን ከፍታ የቅጥር ውሉን ታያለች፤ «በሁለገብ ሠራተኛነት» ብላ ትጽፋለች። የእኛ ማስታወቂያ የሚለው ደግሞ «በንብረት አስተዳደር ወይም በመጋዘን ሥራ ቀጥተኛ አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ» ነው። ልጅቷ ሥራውን ከአመልካቾቹ ሁሉ በላይ ታውቀዋለች፤ ከወረቀቷ ላይ ግን አንድም ቀን የለም።

ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ፋይሉን ብቻ አትመልከቱ፤ የቅርብ አለቃዋን ጠይቁ። የሥራ መደቡ ሲቀያየር የነበረ ከሆነ እያንዳንዱን ከነቀኑ ለይታችሁ አስቀምጡት። ነገሩ ረጅም ጽሑፍ አይጠይቅም፤ ለምሳሌ እንዲህ ቢሆን ለእኔ ከበቂ በላይ ነው፦

«ወ/ሮ … (ስም ከነአባትና ከነአያት) በድርጅታችን ከጥቅምት 1 ቀን 2009 ዓ.ም. እስከ ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በሁለገብ ሠራተኛነት፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እስከ መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በመጋዘን ኃላፊነት ሠርተዋል። በመጋዘን ኃላፊነታቸው ገቢና ወጪ ንብረት ይመዘግቡ፣ በየወሩ ቆጠራ ያካሂዱና ሁለት ረዳቶችን ይመሩ ነበር። ሥራ በለቀቁበት ጊዜ ያልተጣራ የወር ደመወዛቸው ብር 14,500 ነበር። ከደመወዛቸው የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ በየወሩ ተቀንሶ ገቢ ተደርጓል።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚህ በታች ስም፣ ኃላፊነት፣ ፊርማ፣ ማኅተም፣ ከላይ ቀንና ቁጥር። አለቀ።

ቀን ካነሳሁ አይቀር፣ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የሚባሉትን ለይታችሁ ጻፉ። አገር ውስጥ ለሚቀር ሰው ችግሩ ትንሽ ነው፤ እኛ 2009 ሲባል የትኛው እንደሆነ ከአውዱ እንገምታለን። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለ ቀጣሪ ግን አይገምትም። የአማርኛውን ደብዳቤ አንዱ ትርጉም ቤት ቀኑን ሳይለውጥ በእንግሊዝኛ ካስቀመጠው፣ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄድና ልጅቷ በተማሪ ቤት ዕድሜዋ መጋዘን ስትመራ የነበረች ትመስላለች። የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው፤ እንግሊዝኛ ቅጂ የምትሰጡ ከሆነ ፓስፖርቷን አስመጥታችሁ ፊደል በፊደል ገልብጡ። በአንድ ፊደል ልዩነት የኤምባሲ ወረፋ ዳግመኛ የያዙ ሰዎች አሉ።

ደመወዙን የማትጽፉበት ምክንያት ይገባኛል። አንዳንዶቻችሁ «የድርጅት ምስጢር» ትላላችሁ። ሌላው ምክንያት ግን ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ፔይሮሉ ሁለት ስለሆነ ነው። አንዱ ለገቢዎች የሚታየው፣ ሌላው በእጅ የሚሰጠው። በወረቀት 4,000፣ በእጅ 9,000። ሠራተኛውም ያኔ ግብር ስለቀነሰለት ደስ ብሎት ተቀብሏል፤ እሱም ድርሻ አለው፣ አልክድም። የሚለቅ ዕለት ግን ሒሳቡ ለብቻው ይወርድበታል። በደብዳቤው ላይ 4,000 ይጻፋል፤ አዲሱ ቀጣሪ ድርድሩን ከዚያ ይጀምራል፤ ጡረታውም የሚሰላው ከዚያው ነው።

የግብሩ ነገር ከዚህም የከፋ ነው። በኛ ማስታወቂያ ግርጌ አንዲት መስመር አለች፦ «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማረጋገጫ ሊቀርብበት ይገባል።» ይህችን መስመር የጻፍኳት እኔ አይደለሁም፤ ለምን እንደመጣች ግን አውቃለሁ። ፎርጅድ ስለበዛ ነው። ራስጌው ያማረ ወረቀት ማሳተም ቀላል ነው፤ ማኅተም ማስቀረጽም እንደዚያው። ከሌላ መዝገብ ጋር ሊመሳከር የሚችለው የግብርና የጡረታ ዝርዝሩ ስለሆነ መሥሪያ ቤቶች እሱን ያዙ። እስከዚህ ድረስ አሠራሩ ምክንያት አለው።

ነገር ግን ግብሩን ከደመወዝ ላይ ቀንሶ ገቢ የማድረግ ግዴታ የማን ነው? የአሠሪው ነው፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ይህን አያሻማም። የጡረታውም እንዲሁ፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ ሁለቱንም ገቢ የሚያደርገው አሠሪው ነው። ሠራተኛዋ ገንዘቡ ከደመወዟ ሲቆረጥ በየወሩ አይታለች። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ድርጅቱ ቀንሶ ሳይከፍል ቀርቶ ከሆነ፣ እኔ ዘንድ መጥታ የምትጠየቀው እሷ ናት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይኼ ነው። በኛ በኩል መስተካከል ያለበትን ለአለቆቼ ጽፌያለሁ። በናንተ በኩል የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የከፈላችሁ ከሆነ ያለ ልመና ማረጋገጫውን ከልምዱ ጋር አያይዛችሁ ስጡ። ሠራተኛው ለብቻው ገቢዎች ሄዶ ከሚቆም የናንተ ሒሳብ ሠራተኛ ከኮምፒውተሯ ታወጣዋለች።

ስለ ምስጋናው ባጭሩ። «በመልካም ሥነ ምግባር፣ በታታሪነትና በቅንነት አገልግለዋል» የሚለው ሐረግ በሁሉም ላይ ስላለ ምንም አይነግረኝም፤ ዓይኔ ዘሎት ያልፋል። የሚጎዳው ሲጎድል ነው። አንዳንድ ድርጅት ለተጣላው ሰው ያንን ሐረግ ቆርጦ ያስቀርና «ገባው» ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ ደፈር የሚለው «በዲሲፕሊን ምክንያት የተሰናበቱ» ብሎ ይጽፋል። አዋጁ የስንብት ምክንያት ጻፉ አላለም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 166 ደግሞ የሚለው ግልጽ ነው፤ በማስረጃው ላይ የሚጻፈው የተቀጠረበትና የተሰናበተበት ቀን እንዲሁም የሥራው ዓይነት ብቻ ነው፤ ስለ ጠባይና ስለ ሥራ ብቃት የሚጻፈው ሠራተኛው ራሱ ሲጠይቅ ነው፤ እሱም በሌላ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ምክረ ሐሳቡ አያስገድድም። አብሮት የወጣውን ስምምነት ቁጥር 158ን ግን ኢትዮጵያ አጽድቃዋለች፤ ስለዚህ ከሩቅ አገር የመጣ ሐሳብ አድርጋችሁ አትዩት። ጀርመን አገር ያሉ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት ደግሞ እዚያ የስንብት ምስክር ወረቀት ላይ ላዩ ምስጋና የሚመስል፣ ውስጡ ሌላ የሆነ አነጋገር መጠቀምን ሕጉ ራሱ ይከለክላል።

ሠራተኛው «የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉልኝ» ብሎ ከጠየቀ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ግዴታችሁ አይደለም። ካልመሰላችሁ በትሕትና እምቢ በሉ። እሺ ካላችሁ ራሳችሁ ጻፉት። «ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ» ማለት የተለመደ ሆኗል፤ ውጤቱም ያስታውቃል፤ ከአንድ ድርጅት የመጡ ሦስት አመልካቾች ደብዳቤ ቃል በቃል አንድ ሆኖ አንብቤያለሁ፤ ከኢንተርኔት የወረደ ነው። አምስት ቅጽል ከምትደረድሩ አንድ የሠራውን ነገር ንገሩኝ። «የጠፋ የስድስት ወር ሰነድ ከደረሰኝ ላይ ተነስቶ መልሶ አዘጋጀ» የምትል አንዲት መስመር ካየሁ ሰውየውን እንዲጠሩት አደርጋለሁ።

ሌላ ሰው የማያነሳው አንድ ቡድን አለ፤ የቤት ሠራተኞቻችን። እናንተም ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አሠሪዎች ናችሁ። የቤት ውስጥ ሥራ በአዋጅ 1156 አይሸፈንም፤ ለብቻው በደንብ እንዲወሰን ነው የተተወው። ስለዚህ የአንቀጽ 12ን ማስረጃ ልትጠይቃችሁ አትችልም። በተግባር ልጅቷ አዲስ ቤት ስትገባ የምትጠየቀው ተያዥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ተያዥዋ ደላላው ወይም ከገጠር አብራት የመጣች ዘመድ ናት። ስድስት ዓመት ልጆቻችሁን ያሳደገች፣ የቤታችሁን ቁልፍ ይዛ የኖረች ሰው፣ ከቤታችሁ ስትወጣ ትናንት ከአውቶቡስ ተራ እንደወረደች ተቆጥራ ደመወዟ ከዜሮ ይጀምራል። ማኅተም የለኝም አትበሉ። ማኅተም አያስፈልግም። ስሟን እስከ አያቷ ጠይቋት (ብዙ ቤት ይህ በራሱ አዲስ ጥያቄ ነው)፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራች፣ ምን ምን እንደምትችል፣ ስንት ይከፈላት እንደነበር በእጃችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ፤ የስልክ ቁጥራችሁንም አስቀምጡ። የሚደውል ሰው ሲኖርም አንሱት።

ስልክን በተመለከተ ለድርጅቶችም ተመሳሳይ ነገር አለኝ። ደብዳቤ ለማጣራት ስንደውል አንዱ ቁጥር አይሠራም፤ ሌላው ይነሳና «እሱ እኮ ለቋል» ይባላል። መልቀቁንማ እኛም እናውቃለን። ለማጣራት የምንፈልገው ደብዳቤው ከናንተ መውጣቱን ብቻ ነው፤ ቅጂውን በወጪ ቁጥሩ ፋይል ካደረጋችሁት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። «በደብዳቤ ጠይቁን» ከተባልን የመልሱ ደብዳቤ ሲደርስ ቦታው ተይዟል።

ድርጅታችሁን ልትዘጉ ያሰባችሁ ደግሞ፣ ማኅተሙን ከማስረከባችሁ በፊት ለሁሉም ሠራተኛ ልምዱን ጽፋችሁ በትኑ። ጠየቀም አልጠየቀም። ከተዘጋ በኋላ ሠራተኛው የሚሄድበት ቢሮ የለውም፤ የቀድሞ ባለቤት በግል ስሙ የጻፈውን ደግሞ እኔ አልቀበልም፤ መመሪያው አይፈቅድልኝም።

የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና የየክልሉ ቢሮዎች ይህን ካነበባችሁ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎቻችሁ ድርጅት ሲጎበኙ የደኅንነት ጫማና የእሳት ማጥፊያ እንደሚያዩ ሁሉ፣ ባለፈው ዓመት የለቀቁ ሠራተኞችን ስም ዝርዝር አስቀርበው የስንቱ ማስረጃ በስንት ቀን እንደወጣ ይመልከቱ። ሁለተኛው፣ ሠራተኛው ራሱ በፋይዳ ቁጥሩ የጡረታ መዋጮ ታሪኩን አውጥቶ፣ በየትኛው አሠሪ ስም ስንት ወር እንደተከፈለለት የሚያሳየው ወረቀት ለማንኛውም ቅጥር በሥራ ልምድ ማረጋገጫነት ተቀባይነት እንዲኖረው ከጡረታ አስተዳደሩ ጋር ተነጋገሩ። ይህ ቢሆን የዚህ ደብዳቤ ግማሹ አላስፈላጊ ይሆናል፤ እኔም ማኅተም ማገላበጤን እተዋለሁ።

እስከዚያው ግን ወረቀቱ በናንተ እጅ ነው። በዚህ ሳምንት የለቀቀ ሰው ካለ፣ ደብዳቤው ከመሳቢያ ይውጣ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የቅጥር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ልምዳቸውን ለሚጠባበቁ ሁሉ